እኔ እነግራቸዋለሁ

ሰኞ 3

ሊቀመንበራችን ዛሬ ቢሮ ድረስ መጥተው የማኅበሩን ታሪክ ጻፊ አሉኝ። ቢሮ ስል ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባትን ክፍል ማለቴ ነው። በመጪው የልጆች ሳምንት ማኅበሩ አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ከየአገሩ ጥግ ለሚመጡት ወላጆች ሁሉ ይታደላል።

«ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ።

ለወጉ ያህል «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን ጽሑፍ አውቃለሁ» አልኩ። «እንግዲያው ለሌላ ሰው ልስጠው?» ሲሉ ግን ቶሎ ብዬ እሺ አልኩ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ተማሪ ሲቅለሰለስ ያውቃሉ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚሁ ነው። ትዝ ያለኝን እየጻፍኩ ላጠራቅም።

ረቡዕ 5፣ ማታ

ከየት ልጀምር? ከኮሪደሩ።

ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ትበላለች፣ አትወፍርም። ታስላለች፣ አያባራላትም። አንዱ ሐኪም የሆድ ትል ነው አለ፣ ሌላው ሳንባ ነቀርሳ፣ አማቴ ደግሞ የወተትሽ ነው አሉኝ። አንድ ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ ግንባሯን ሳምኳትና ከንፈሬን ጠረግሁ። ከፊቴ የተቀመጠች፣ ወንድ ልጅ ያቀፈች ሴት ሳቀች። «ያንቺም ጨው ናት?» አለችኝ። ልጇን አንስታ ጉንጩን ወደ አፌ አስጠጋችው። ሳምኩት። ጨው ነበር። እንደዚያ ነው የተዋወቅነው፣ እኔና ፀጉር ሠሪዋ።

የበሽታው ስም ሲስቲክ ፋይብሮሲስ መሆኑን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። የነዚህ ልጆች ላብ ጨው ጨው ይላል፤ አክታቸው እንደ ሙጫ ወፍሮ ሳንባቸው ላይ ይጣበቃል። እሱን ለማላቀቅ ጠዋትና ማታ ደረታቸውንና ጀርባቸውን ጎድጎድ ባለ መዳፍ መምታት ነው። እኛ «ማንኳኳት» እንለዋለን። አራት እናቶች ማታ ማታ የሷ ፀጉር ቤት ሲዘጋ ከፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ሥር ተቀምጠን ትራስ እያንኳኳን ተለማመድን። ማኅበሩ ይኸው ነበር፤ አራት ሴቶችና አራት ትራስ። ጎረቤቴ ልጅቷን ጠዋት ማታ ትደበድባለች ብላ ፖሊስ የጠራችብኝም ያኔ ነው። ፖሊሱ ገብቶ አየና «እኔንም ወገቤን እንዲህ የሚመታኝ ባገኘሁ» ብሎ ወጣ። (ይህ በመጽሐፉ ይግባ? ሊቀመንበሩን ልጠይቅ።)

የቅዳሜውን ልውውጥም ማንሳት አለብኝ። የገዛ ልጅን ሲመቱ እጅ ይፈራል፣ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶች ልጅ እንቀያየራለን። እኔ የፀጉር ሠሪዋን አንኳኳለሁ፣ እሷ የኔን። ያ ኮሪደር ላይ የሳምኩት ልጅ በማኅበሩ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሞተ። አሁን ያለችው ሁለተኛዋ ናት፣ አሥር ዓመቷ፤ ሁሉን ስለምታዝ ጄኔራሏ እንላታለን። ልጄ በአራት ዓመት ትበልጣታለች፣ ግን የምትታዘዘው ልጄ ናት።

እጄ ደከመ። መጻፍ ግን ደስ ይላል።

ዓርብ 7

ክሊኒክ ነበርን። አክታ ሰጠች፣ የትንፋሽ መለኪያውን ነፋች፣ ደህና ናት። አዲሷ ዶክተር ልጆቹ አንድ አዳራሽ አይቀመጡም ብላ እያንዳንዱን የተለያየ ክፍል ውስጥ አስገብታቸዋለች። ኮሪደሩ ላይ እናቶቹ ሲያጉረመርሙ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁ። «እንደ እስረኛ ለያየቻቸው» ትላለች አንዷ። «ትምህርቷን ገና እኛ ላይ ልትጨርስ ነው» ትላለች ሌላዋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እሑድ 9

ዛሬ ስለ ልጆች ሳምንት ጻፍኩ። ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፣ ራሴም አነበብኩትና እንባዬ መጣ።

በፊት ሰው ይሸሸን ነበር። ልጆቻችን ሲያስሉ ከአውቶቡስ ወንበር ሰው ይነሳል፣ ጎረቤት ልጁን ይጠራል። የማኅበሩን የመጀመሪያ ፖስተር በገዛ እጄ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ «በሽታችን አይተላለፍም! ልጆቻችንን አቅፉ!» ዛሬም ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ። ቀጥሎ ሳምንቱን ጀመርን። በእረፍት ወቅት ከሐይቁ ዳር ያለውን አዳሪ ትምህርት ቤት ለምነን እንወስዳለን፤ ልጆቹ አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ያስላሉ፣ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ዓመቱን ሙሉ በክፍላቸው ብቸኛ የሆኑ ልጆች እዚያ እንደ ሁሉ ሰው ናቸው።

መክፈቻው ላይ ጥሩንባው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ አሮጌ የነሐስ ጥሩንባ ነው። ረጅሙን የነፋ የሳምንቱ ሹም ይሆናል፣ ጥሩንባውንም እስከሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ያስቀምጣል። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ራሷ ለሳንባ ጥሩ ነው ብላን ነበር። አምና ልጄ አሸነፈች። መደርደሪያዋ ላይ ነው ያለው።

ሐሙስ 13

ዶክተሯ ደወለች። አሁን አልጽፍም። ማንኳኳት አለብኝ፣ ራት አልሠራሁም።

ዓርብ 14

የተባለውን ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያልተባለ እየመሰለኝ ነው።

ልጄ በሰጠችው አክታ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ስሙ ረጅም ነው፤ አስደገምኳት፣ አሁንም አልያዝኩትም። ጤነኛ ሰው ምንም አያደርገውም አለች። የኛ ልጆች ሳንባ ውስጥ ከገባ ግን በቀላሉ አይወጣም። አንዳንዱ ለዓመታት ተሸክሞት ይኖራል፣ አንዳንዱን በወራት ያደክመዋል። ማንን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

«ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል» አለችኝ። «በሳል፣ በምራቅ፣ አፍ በነካው ዕቃ። ልጅዎ የልጆች ሳምንቱ ላይ መገኘት የለባትም። እውነቱን ከጠየቁኝ ሳምንቱ ራሱ መቅረት አለበት። እስከዚያም ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ ክፍል አትግባ። ለሊቀመንበሩ ዛሬውኑ ልደውልላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ከኔ ቢሰሙት ይሻላል።»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም?

ደግሞም ይሻላል። ወላጆቹን አውቃቸዋለሁ። ከማያውቋት ወጣት ዶክተር በስልክ ቢሰሙት ይደነግጣሉ። ቀስ ብሎ፣ ሰው ሰብሰብ ሲል መንገር ነው። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።

ለባለቤቴ «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው፣ ኪኒን ጨመሩላት» አልኩት። ከጋራዥ ደክሞት ነበር የመጣው፤ «እግዜር ይማራት» ብሎ ራቱን በላ። ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ። ዶክተሯ ትንሽ አላለችም።

ቅዳሜ 15

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ልውውጡን ሰረዝኩ። ፀጉር ሠሪዋ «ሳል እንዳታስይዣት ልጄን፣ ደግ አደረግሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ 18

ትናንት ሊቀመንበሩ አልመጡም። ዛሬ መጡ። ልነግራቸው ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው።

አውቶቡስ ተገኘ፣ ፍራሽ ተገኘ፣ ከሩቅ የሚመጡት እናቶች ከወዲሁ እየደወሉ ነው አሉኝ። አንዷ ልጇ በእጁ ቀን እየቆጠረ አላስተኛ አለኝ ብላቸዋለች። እሳቸው ሲስቁ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሳቅሁ። የታሪኩን ጅማሬ ሰጠኋቸው፣ እዚያው ቆመው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገራቸው? የማኅበሩ ደስታ ይኸው ሳምንት ነው። ይህን ካፈረስነው ምን ይቀረናል?

እሺ፣ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውም ይጻፍ። ስነግራቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ?» ነው የሚሆነው። አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እሱን ነበር የምጠይቀው። ከዚያ በኋላ ልጄ ስትገባ ሰው የሚወጣላት፣ ስታስል ዞር የሚባልላት ትሆናለች። በኛው ሰዎች መሃል። ከራሴ በላይ የተለጠፈው ፖስተር አይተላለፍም ይላል፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ሐሙስ እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ 22

መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ከጻፍኩት ይቀለኝ ይሆናል።

ፀጉር ሠሪዋ ሳትደውል መጣች። «ጉንፋንሽ አለቀቀሽም እንዴ? ወይስ እኔን ነው የሰለቸሽኝ!» እያለች በሩ ላይ አቀፈችኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፣ ምስክሬ እግዜር ነው። ጄኔራሏ ግን በክንዴ ሥር ሾልካ ገባች። «ጥሩንባው የት አለ? ዘንድሮ እኔ ነኝ የምወስደው፣ ልለማመድ!»

ልጄ አወረደችላት። መጀመሪያ እሷ ነፋችና «እንዲህ ነው፣ ከሆድሽ» አለቻት፣ ከዚያ ከንፈሯን እንኳ ሳትጠርግ ሰጠቻት። ጄኔራሏ ነፋች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ሁለቱም ሳቁ፣ ሳሉ፣ ሳቁ። መልሳ ሰጠቻት። እኔ መሃላቸው ቆሜ አይ ነበር።

ከዚያ ልጅ ተለዋወጥን። ጄኔራሏን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጀርባዋን አንኳኳሁ፤ ከጀርባዬ ልጄ በፀጉር ሠሪዋ መዳፍ ሥር ታስላለች። «ይቺ ልጅ ዛሬ አክታዋ በዛ» አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ፣ በራሷ መሐረብ እየጠረገችላት።

ጥሩንባውን አጥቤዋለሁ። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ ውስጡን ሳይቀር አጥቤዋለሁ። ያጠብኩት ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

ሰኞ 24

ዶክተሯ ደወለች። «ነገሯቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ። እያሰቡበት ነው።»

«እያሰቡበት ነው» የምትለዋን ከየት አመጣኋት? ውሸቱ ብቻውን እንዳይበርደው መሰለኝ።

ሐሙስ 4

ሥራ በዛ። የሳምንቱ መመዝገቢያ፣ የመጽሐፉ ማተሚያ ቤት፣ የሚያናድድ የስልክ መስመር። ጄኔራሏ ትኩሳት አላት አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ። አየሩ ነው አልኳት። ሁሉም ልጆች በዚህ ወቅት ያተኩሳቸዋል። ሁሉም።

ሰኞ 8

ሆስፒታል ገብታለች። ኦክስጅን ላይ ናት። ፀጉር ሠሪዋ ስትደውልልኝ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ከሁሉ በፊት ላንቺ ነው የደወልኩት። አንድ ባክቴሪያ ነው ብለውኛል፣ ስሙ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። አንቺ ከሐኪሞቹ ጋር ስለምትውይ ታውቂው ይሆናል። ምንድን ነው እሱ?»

«አላውቅም» አልኳት። «እጠይቅልሻለሁ።»

እሷ «እሺ የኔ እናት፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» ብላ ዘጋች። ራቴን ሳልነካው ተነሳሁ። ባለቤቴ ምን ሆነሻል ሲለኝ ራስ ምታት አልኩት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ያፍራል።

ረቡዕ 10

ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ልንገራት ነበር የሄድኩት። በሩ ላይ «ዝግ ነው» ይላል፣ ውስጡ በረኪና በረኪና ይሸታል። ካስኮቹን መሃል ላይ ከምራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከመታጠቢያው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በብረት ብሩሽ ትፈገፍጋለች።

«እኔ ነኝ የጨረስኳት» አለችኝ ሳትዞር። «ይሄ እርጥበት ነው። ዶክተሯ ከእርጥብ ቦታም ሊመጣ ይችላል አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚህ ነው የምትቀመጠው፣ እዚህ ጥግ ላይ፣ የቤት ሥራዋን ይዛ። በክረምት ግድግዳው በሻጋታ እንደሚያብብ አይቼ ዝም አልኩ። ደንበኛ እንዳይሸሽ መጋረጃ ሰቀልኩበት! አንዱን ቀብሬ፣ ሁለተኛዋን ደግሞ በገዛ እጄ…»

ብሩሽ ሌላ ነበር። አነሳሁና አብሬያት ፈገፈግሁ።

አዎ። አብሬያት ፈገፈግሁ። ግድግዳው እስኪላጥ ድረስ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመን። በረኪናው ዓይኔን አቃጠለኝ፣ አለቀስኩ፤ ለሷ ያለቀስኩ መሰላትና አቀፈችኝ። ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ነኝ ለካ።

ቅዳሜ 13

ልጄን እያንኳኳኋት ሳለ ፊቷን ትራሱ ላይ እንደደፋች ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ጄኔራሏ በስልክ የምትወስደውን መድኃኒት ነገረችኝ። የኔ አዲሱ ኪኒን ነው። አንድ ነው አይደል?»

መዳፌ አየር ላይ ቀረ።

«ከኔ ነው የያዛት?»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አለች።

ማንኳኳቴን ቀጠልኩ።

እሑድ 14

ጠቅላላ ጉባኤው ዛሬ ነበር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጉልበታችንን የማያስገቡ የልጆች ዴስኮች ላይ ተቀምጠን። ሊቀመንበሩ የጻፍኩትን ታሪክ መጀመሪያ ከፍ አድርገው አነበቡ። ኮሪደሩን፣ ትራሶቹን። ሰው አጨበጨበ። ፀጉር ሠሪዋም ከኋላ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ከሆስፒታል ነበር የመጣችው፣ ፀጉሯን እንኳ አላበጠረችም።

ከዚያ እጇን አወጣች።

«ልጄ የያዛት ነገር ለልጆቻችሁ ይተላለፋል ተብያለሁ» አለች። «ከኔ ፀጉር ቤት እርጥበት ነው የመጣው፣ የኔ ጥፋት ነው። ብትድንልኝም ወደ ሳምንቱ አላመጣትም። ባለፈው ወር ልጄን ያገኛችሁ ልጆቻችሁን አስመርምሩ። ይቅር በሉኝ።»

ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው እናት ዴስኳን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከሷ ራቅ አለች። ብዙም አይደለም፣ አንድ ክንድ ያህል። የፈራሁት ለልጄ ነበር። እሷ ላይ ደረሰ፣ እሷም ምንም ሳትሸሽግ በገዛ እግሯ ገብታበት።

ቆምኩ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ዴስኩ ከኔ ጋር ተነሳ፣ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«እርጥበቱ አይደለም» አልኩ። «የኔ ልጅ ናት ቀድማ የያዛት። ዶክተሯ ነግራኛለች። ሳምንቱ ይቅር ብላ ለሁላችሁም እንድነግራችሁ አደራ ሰጥታኝ ነበር።»

ሊቀመንበሩ «መቼ?» አሉ።

«ባለፈው ወር።»

ያ የመምህር ፊታቸው፣ ተማሪ ሲዋሻቸው የሚሆነው፣ ለኔ ሆነ። አንድ አባት «ጉድ!» አለ። ሌላው ልጆቼን ለዚህ ነው የመዘገብኩት ብሎ ጮኸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፀጉር ሠሪዋ ብቻ አልጮኸችም። ዘወር ብላ አየችኝ።

«ግድግዳውን ስፈገፍግ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። «ትንሽ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

ማክሰኞ 16

ዶክተሯ ጠራችኝ። የጥሩንባውን ቅዳሜ ሳልደብቅ ነገርኳት። የሁለቱ ልጆች ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ነው። ማን ለማን እንደሰጠ በርግጥ መናገር አይቻልም አለች።

ይህን ስትል ውስጤ አንድ ነገር ቀና አለ። ምናልባት ጄኔራሏ ናት ለልጄ የሰጠቻት! ለአንድ አፍታ እንዲሆን ተመኘሁት። በሆስፒታል አልጋ ላይ ባለች የአሥር ዓመት ልጅ ልደበቅ። ዶክተሯ ፊቴ ላይ ያየችው እንደሆነ አላውቅም። «ቢሆንም» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚያች ቅዳሜ ባይገናኙ ኖሮ ያው ጥያቄው አይነሳም ነበር።»

ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ እኔን! «ራሴ መደወል ነበረብኝ፤ ከባድ ነገር ነው የጣልኩብዎ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ 20

ሳምንቱ ተሰረዘ። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም። ሦስት ልጆች እየተመረመሩ ነው፤ እስካሁን ነጻ ናቸው። የአውቶቡሱ ሰውዬ ደውሎ ለምን ሲለኝ ለሱም ነገርኩት፣ ምን አገባው፣ ግን ነገርኩት።

ሊቀመንበሩ ስለ መጽሐፉ ደወሉ። ይታተማል። «የመጨረሻውን ገጽ ‹በአንዳንድ ምክንያቶች ሳምንቱ ለጊዜው ተቋርጧል› ብትዪው ይበቃል። ማኅበሩን ማዳን አለብን። አንቺንም።»

አረፍተ ነገሩ አምሮ ነበር። ወዲያው ነው የወደድኩት፣ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ቆየ። ከዚያ ሰረዝኩት። ልጆቻችንን በፍቅር ሰብስበን እንደጎዳናቸው፣ ይህንንም ስናውቅ ጸሐፊዋ ከወር በላይ አፍና እንደያዘችው ጻፍኩ። ጻፍኩና ወሰድኩላቸው። አንብበው ጨረሱ። «ሌላ ጸሐፊ እንፈልጋለን» አሉኝ። «ገጹን ግን እንዳለ አሳትመዋለሁ።» የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሐሙስ 25

ጄኔራሏ ተርፋለች። ትወጣለች፣ ግን ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ነው። ሳንባዋ ወደነበረበት አይመለስም ተብሏል።

ሆስፒታል ሄድኩ። ለመግባት አልደፈርኩም፣ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ቴርሞስ ይዛ ስትወርድ አየችኝ፣ ቆመች። የምለውን ሁሉ በመንገድ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። እሷ ቀደመችኝ።

«አልጣላሽም» አለችኝ። «መጣላት አቅም ይፈልጋል፣ አቅሜን ለልጄ ነው የምፈልገው።» ቴርሞሱን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። «ብትነግሪኝ ኖሮ ልጅሽን አቅፌ አለቅስላት ነበር። እኔ እኮ ከልጄ ለይቻት አላውቅም። አሁን ሳስባት ደረቴ ይዘጋል። ልጅ ናት፣ ምንም አላደረገችም፣ አውቃለሁ። ግን ይዘጋል። ዳግመኛ ላያት አልችልም። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

ወርዳ ሄደች።

ቤት ስደርስ ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አለች? ስለኔ ጠየቀች?»

«ሰላም ብላሻለች» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ተዘጋጅታ፣ ሞቃ። ዋጥኳት። የተባለውን እንዳለ ነገርኳት፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። ልጄ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም። የማንኳኳቱ ሰዓት ሲደርስ ትራሱን ይዤ ገባሁ።

«ተይው እማዬ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ራሴ እመታለሁ።»

ትራሱን ከእጄ ተቀብላ በሩን ዘጋችው።

ይህን የምጽፈው ከበሩ ውጭ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። እዚህ መሆኔ አይጠፋትም። ከፊት ያለውን ደረቷን በደንብ ትመታለች፤ መዳፏን እንዴት ጎድጎድ እንደምታደርግ አስተምሬያታለሁ። ከዚያ ጎኗን። ከዚያ ዝም ይላል፣ ልብሷ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ እንደገና ትሞክራለች። ጀርባዋ ላይ እጇ አይደርስላትም። አልጠራችኝም።